ሽማግሌው ፈረሰኛውን የበሉበት ዕለት

በዚያ ቀን በሐዴራ ከተማ፣ በጊቫት ኦልጋ ባሕሩ ዳርቻ በተዘረጋው ገበታ ላይ የነበሩትን በሙሉ እቆጥራለሁ። ስም አልጠራም፤ ራሱን የሚያውቅ ያውቃል።

ሽማግሌው ነበሩ፤ በግራጫ ሹራብ ላይ ነጠላ ያጣፉት፣ በአውቶቡሱ ዝርዝር ላይ አራተኛ የተጻፉት። አረንጓዴ ሻሽ ያሰሩት እናት ነበሩ፤ ከትግራይ በኩል የመጡ፣ አንድ ነገር ሲገርማቸው በትግርኛ ለራሳቸው የሚናገሩ። ወፍራም መነጽር ያደረጉት ቀልደኛ አባት ነበሩ። ሌሎች አሥራ ዘጠኝ ጡረተኞች ነበሩ፤ ሁሉም በደቡብ ካለች ከአንዲት ከተማ የመጡ። የጡረተኞቹ ክበብ አስተባባሪ ነበረች፤ እዚህ አገር የተወለደች፣ በአማርኛ ጀምራ በዕብራይስጥ የምትጨርስ። ሾፌሩ ነበር፤ አማርኛ የማይሰማ፣ ከሩሲያ የመጣ ግዙፍ ሰው። እኔ ነበርሁ። እናቴ አልነበረችም፤ እህቴ አልነበረችም፤ አባቴም አልነበረም። ነገሩ ሁሉ የተደረገው ግን ስለ እነዚህ ስላልነበሩት ሦስት ሰዎች ነው።

ሥራዬ የውሃ ቆጣሪ መጠገን ነው። ቆጣሪዎቹ ዛሬ ቁጥራቸውን ራሳቸው ይልካሉ፤ መላክ ሲያቆሙ እኔ እሄዳለሁ። ስለዚህ በሐዴራ ያልወጣሁት ደረጃ፣ ያልገባሁበት ምድር ቤት ጥቂት ነው። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም። የቀረውን ከከተማው ቤተ መጻሕፍትና በየሐውልቱ ሥር ከተለጠፈው ጽሑፍ ለቃቀምሁት። የትኛው ቤት ከየትኛው እንደሚቀድም፣ ዛፉን ማን ለምን እንደተከለው፣ ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ። ከሌላ ከተማ እንግዳ ሲመጣ የሰፈራችን ክበብ ሰዎች «ያን ዝምተኛ ልጅ ጥሩት» ይላሉ። እሄዳለሁ፤ አሳያለሁ፤ ከተጠየቅሁት በላይ አልናገርም።

ከሦስት ዓመት በፊት ናሕሊኤል ሰፈር ወዳለው ቤታችን ለእህቴ ሽማግሌ መጣ። ልጁና እህቴ ሁለት ዓመት ተዋውቀው የቆዩ ነበሩ፤ የቀረው ወጉን መፈጸም ብቻ ነበር። አራት ሰዎች መጡ። የሚመሯቸው እኒህ ሽማግሌ፣ የልጁ አባት አጎት ነበሩ። እናቴ ሁለት ቀን ሙሉ ሠርታለች። ዶሮ ስትሠራ ብልቶቹን በሎሚና በጨው ዘጠኝ ውሃ ታጥባለች፤ ቆጥሬያለሁ። በዚያን ጊዜ በናሕሊኤልም በኦልጋም ሰርግ ወይም ተዝካር ያለበት ሰው አዳራሽ ከመያዙ በፊት የሚደውለው ለእናቴ ነበር።

ከምግብ በፊት ዘር ተቆጠረ። ሁለቱ ወገኖች ሥጋ ዘመድ እንዳይሆኑ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አባቴ ጀመረ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ስሙን ጠራና፣ «እሳቸው ለመሬት ሲሉ የአይሁድ እምነታችንን ትተው ክርስትና ተነሥተው ነበር» አለ፤ ከዚያ ወደ አምስተኛው አለፈ። ሊዘለው ይችል ነበር። ሰባት ስም በፍጥነት ከተጠራ አራተኛው ላይ የሚያቆም ጆሮ የለም። አባቴ አልዘለለም።

እህቴ ማስታጠቢያ ይዛ ቀረበች። ሽማግሌው እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር ከተቱት። እህቴ ጎንበስ እንዳለች ቆመች። በልቤ መቁጠር ልማዴ ነው፤ እስከ ሃያ ሦስት ቆጠርሁ።

«እኔ ይቅርብኝ ልጄ፤ ሆዴን አሞኛል» አሉ በመጨረሻ።

እናቴ ያልሰማች መስላ ፈረሰኛውን ከፊታቸው አስቀመጠች፤ ከዶሮው ሁሉ ለከበረ እንግዳ የሚቀመጠው ብልት ነው። አልነኩትም። ይዘውት ከመጡት ፌስታል ብርቱካን አወጡ፣ ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡ፣ ልጣጩን ሳይበጥሱ እንደ ገመድ አዙረው ላጡና ፊታችን ቁጭ ብለው በሉ። ሆዱን ያመመው ሰው ብርቱካን አይበላም። ሦስቱ ጓደኞቻቸው እሳቸውን አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። ሲሄዱ ልጣጩ በእናቴ ነጭ የገበታ ጨርቅ ላይ ቀረ።

በሳምንቱ ልጁ ስልክ ማንሳት አቆመ። በዓመቱ ሌላ አገባ። ወሬው ከእነሱ ከተማ ተነሥቶ ኦልጋ ደረሰ፤ «እነዚያ ቤት ሽማግሌዎቹ ሳይበሉ ወጡ» ተባለ፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ለእናቴ የሚደውል ቀነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። ትልቁን ድስት አጥባ በፌስታል ጠቅልላ ከቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው። ባለፈው ዓመት አባቴ ሞተ። ለተዝካሩ እናቴ በእጇ አልሠራችም፤ ሰው ሳይበላ እንዳይወጣ ፈርታ ምግቡን ከውጭ አዘዘች። ባሏ ተዝካር ላይ የሌላ ሰው ወጥ ስትጨልፍ አየኋት። እስከዚያ ቀን የነበረኝ ቅያሜ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው ቂም ነው።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አስተባባሪዋ ደወለች። ጡረተኞቿን ይዛ በሰሜን ወዳለው ፍል ውሃ ትሄዳለች፤ መንገድ ላይ ሐዴራ ለሁለት ሰዓት ተኩል ይቆማሉ፤ ከተማውን አይተው ምሳ ይበላሉ። የሰዎቹን ዝርዝር ላከችልኝ፤ ማን ምን እንደማይስማማው ሳይቀር ተጽፏል። አራተኛው ስም ላይ ዓይኔ ቆመ። ከትይዩው «ስኳር አለበት። የማያውቀውን ሥጋ አይበላም» ይላል።

«ምሳውን ከሚስዓዳ ልዘዝ ወይ?» አለችኝ፤ ምግብ ቤት ማለቷ ነው።

«አያስፈልግም። በክበባችን ወጥ ቤት ይሠራል። ወጥ ቤቱ የኮሸር ማኅተም አለው፤ ዶሮውም ማኅተም ያለው ነው» አልኋት፤ ማኅተሙ ምግቡ በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ መሆኑን ይመሰክራል።

«ቤሴደር ጋሙር» አለች፤ በጣም ጥሩ ማለቷ ነው። «ነፍስ ነህ አንተ።»

ለእናቴ፣ «ከደቡብ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ክበቡ አንቺን ነው የፈለገ» አልኋት። ክበቡ እንዲፈልጋት ያደረግሁት እኔ ነበርሁ።

«እነማን ናቸው?» አለች።

«ሃያ አምስት ሰው፣ ከእኔ ጋር» አልሁ። የጠየቀችኝ ቁጥር አልነበረም። ወንበር ላይ ወጥታ ድስቱን አወረደችው። ፌስታሉን ፈትታ የድስቱን ውስጥ በጣቷ ስትዳብስ አይቼ ወጣሁ።

መዋሸት አልፈለግሁም። ሽማግሌው ሊጠይቁኝ የሚችሉትን አራት ጥያቄ ከነመልሱ በደብተሬ ጻፍሁ፤ መልሶቹ ሁሉ እውነት ነበሩ። ከዚያ እሳቸው በልተው ሲጨርሱ የምናገረውን አሥራ አንድ መስመር ጻፍሁ። በቃሌ እስክይዘው በየምድር ቤቱ ለቆጣሪዎቹ አነበብሁላቸው።

አውቶቡሱ የመጣው በሁለት የዝናብ ቀኖች መካከል በወጣች ፀሐይ ነው። መጀመሪያ ያወረድኋቸው ከባሕር ዛፉ ደን አጠገብ ነበር። ሽማግሌው አራተኛ ወረዱ፤ ዝርዝሩን አክብረው ይመስል። አዩኝ፤ አላወቁኝም። ያን ቀን በር አጠገብ የተቀመጥሁ ጢም አልባ ልጅ ነበርሁ።

አረንጓዴ ሻሹ እናት ሽቅብ ተመለከቱና፣ «ልጄ፣ ባሕር ዛፍ ልታሳየን ነው ያወረድኸን? ይኸ እኮ በአገራችንም ሞልቷል» አሉኝ።

«እዚህ የተከሉት ረግረጉን እንዲመጥላቸው ነው፣ እማማ። የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ወባ ፈጅቷቸዋል።»

«ወባን እኔ ላስተምርህ» አሉ ባለ መነጽሩ። «በሱዳን በኩል ስንመጣ ሦስት ጊዜ ይዞኛል። ሦስት ጊዜም ለቆኛል፤ ሥጋዬን ቀምሶ አልጣመውም።»

ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም፤ አንድ ግንድ ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ቆዩ። «እዚህ የሞቱትን ማን ቀበራቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ በደብተሬ ውስጥ አልነበረም። የማውቀውን ነገርኋቸው፤ እስክጨርስ ድረስ ሌላ ቦታ ሳያዩ ሰሙኝ። ከማስጎበኛቸው ሰዎች እንደዚያ የሚሰማ ጥቂት ነው። ይህን የምጽፈው ትክክል ስለሆነ ነው፤ ደስ ብሎኝ አይደለም።

ከዚያ ወደ ገበያው ሄድን። የሚሸጠው ሁሉ ትኩስ ነበር፦ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ሳምቡሳ መሰል ቡሬካስ፣ በጨው የተቆላ ሱፍ፣ ከእቶን ግድግዳ ተላጦ የሚወጣ የቡኻራ ሰዎች ዳቦ። አሮጊቶቹ የብርቱካኑን ክምር እየዳበሱ ከሻጩ ጋር ተሟገቱ፤ «ከጋን ሽሙኤል አጠገብ የተለቀመ ነው፣ እንደ ማር ነው» ይላቸዋል፣ «ማር በዚህ ዋጋ?» ይሉታል። ሽማግሌው ቡሬካስ ሻጩ ዘንድ ቆመው ማኅተሙን ጠየቁ። ሻጩ ግድግዳውን አሳያቸው። ቀኑን እስኪያነቡ ድረስ ተጠጉ፤ አነበቡ፤ ሳይገዙ ሄዱ።

«ለርሱ ማኅተም አይበቃውም» አሉኝ ባለ መነጽሩ በጆሮዬ። «ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከልጁ ቤት በቀር አይበላም። ሰርግ ተጠርቶ ብርቱካን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ከቤቱ ሲወጣ ሆዱን ያመዋል።»

እንግዲህ እኛ ብቻ አልነበርንም። ይህን ስሰማ ቂሜ ይቀንስ እንደሆነ ራሴን መረመርሁ። አልቀነሰም። በሌላ ሰው ቤት ብርቱካን ሲበሉ ወሬ አይሆንም፤ በእኛ ቤት ሲበሉ የሰፈር ሕግ ሆነ።

ዛሬስ ይበሉ ይሆን? እርግጠኛ አልነበርሁም። የገበያውንና የወንዙን ድልድይ ጉብኝት ሆን ብዬ አርዝሜያለሁ፤ ስኳር ያለበት ሰው ረኃብ ብዙ አይችልም። የመብራት ኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫዎች ሥር ቆመን፣ ከዚያ የሚወጣው የሞቀ ውሃ በክረምት ትልልቅ ዓሣዎችን እንዴት እንደሚሰበስብ ሳስረዳ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አየሁት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨመርሁ።

በኦልጋ ባሕር ዳር ገበታዎቹ ተዘርግተው ነበር። የእናቴን ነጭ ጨርቅ በሽማግሌው ገበታ ላይ አንጥፌዋለሁ። ማስታጠቢያውንም ከቤት አምጥቻለሁ፤ ያው ማስታጠቢያ ነው። ቀረብሁና ጎንበስ አልሁ። አንድ፣ ሁለት ብዬ ሳልቆጥር እጃቸውን ዘረጉ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉ ውሃው እየፈሰሰ።

«የናሕሊኤል ልጅ ነኝ፣ አባባ።»

«ሰፈር ይወልዳል እንዴ? አባትህን ነው ያልሁህ።»

«አባቴ ከሞተ ዓመት ሆነው።»

«እግዜር ያጽናህ» አሉና ተዉት። ሐዘን ሲነሣ ዘር መጠየቅ እንደሚቆም አውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው መልሱን በዚያ መልክ የጻፍሁት። የሞተ አባቴን ከለላ አደረግሁት።

«ዶሮው?»

ማኅተሙን አሳየኋቸው፤ ከነላስቲኩ አስቀምጬው ነበር።

«ማን ሠራው?»

«ባለቤቷ የሞተባት የጎንደር ሴት ናት። እጇ በዚህ ሰፈር የታወቀ ነበር።»

ሦስት ተጠየቅሁ፤ አራተኛው «የቤተሰቧ ዘር ከወዴት ነው?» የሚል ነበር። አልመጣም። ገበታውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ቆረሱ፤ ጠቀለሉ፤ ጎረሱ።

ፈረሰኛውን አውጥቼ ከፊታቸው አስቀመጥሁ። ያዙት። በሉት። አጥንቱን እስኪነጣ ጠረጉት። ከዚያ ወጡ እንዲጨመርላቸው ጣታቸውን ወደ ድስቱ አመለከቱ፤ ጨመርሁ፤ ትንሽ ቆይተው እንደገና አመለከቱ።

«ዛሬ ሆድህን አላመመህም?» አሏቸው ባለ መነጽሩ።

«ዝም ብለህ ብላ» አሉ ሽማግሌው። «እንዲህ ያለ ወጥ ከበላሁ አራት ዓመቴ ነው።» ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ? ሃያ ሰው አስተናግደህ ጦምህን ልትውል ነው?»

«እኔ በኋላ ነው፣ አባባ።»

«ና ወዲህ።» እንቁላሉን ቆርሰው፣ ወጡን አጠቅሰው ጠቀለሉና ዘረጉልኝ። እምቢ ብል ሰው ሁሉ ያየኛል። አፌን ከፈትሁ። እህቴ ሃያ ሦስት እስክቆጥር የጠበቀችው እጅ የእናቴን ወጥ አጎረሰኝ። ጉርሻው አላለሰለሰኝም። አናደደኝ። እንዲህ ማጉረስ ያውቁ ኖሯል።

ሲጠግቡ፣ «አባባ፣ ለሠራችው ሴት ይመርቁላት» አልሁ። «ያላገባች ልጅ አለቻት።» በልማዳችን ትልቅ ሰው ቆሞ ከመረቀ፣ ቃሉ ከአፉ ከወጣ፣ መልሶ አይወስደውም። እኔ የፈለግሁት መብላታቸውን ብቻ አልነበረም።

ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ሁሉም ቆመ፤ ሾፌሩ እንኳ ባይገባውም ቆመ።

«ያበላችን እጅ አይድረቅ» አሉ።

«አሜን።»

«ድስቷ አይጉደል፤ ከገበታዋ ሽማግሌ አይታጣ።»

«አሜን።»

«ልጇን የሚያከብራት ያግኛት። ሟቿን በገነት ያኑርላት።»

«አሜን።»

«የናቃት ይፈር።»

«አሜን» አልሁ። ከሁሉ ድምፅ የኔ ከፍ ብሎ ነበር፤ አስተባባሪዋ ዞር ብላ አየችኝ።

ተቀመጡ። ከፌስታሌ ብርቱካን አውጥቼ ከሰንጢ ጋር በነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጥሁ። «እንደሚወዱ አውቃለሁ» አልሁ። ፈገግ ብለው አነሡት፤ ልጣጩን ሳይበጥሱ እንደ ገመድ ማዞር ጀመሩ። ግማሹ እስኪደርስ ጠበቅሁ።

«ከሦስት ዓመት በፊትም በዚሁ ጨርቅ ላይ ነበር የላጡት፣ አባባ።»

ሰንጢው ቆመ። «የት?»

«ናሕሊኤል።»

ጨርቁን አዩ። ማስታጠቢያውን አዩ። «ሦስተኛ ፎቅ» አሉ በቀስታ። «ደረጃው ላይ ቀይ ብስክሌት የቆመበት።»

«ብስክሌቱ የኔ ነው። ያን ቀን የተዉትን ፈረሰኛ ነው ዛሬ የበሉት። የሠራችው ያችው ሴት ናት።»

ከአሥራ አንዱ መስመር የተናገርሁት ይህን ብቻ ነው። የቀረው አላስፈለገም። በገበታው ዙሪያ ማንም አላኘከም።

«ማ ካራ?» አለች አስተባባሪዋ፤ ምን ሆነ ማለቷ ነው። «ታመሙ እንዴ?»

«ገና አሁን ነው ሆዱን የሚያመው» አሉ ባለ መነጽሩ። የሳቀላቸው የለም።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሡም። «አባትህ ያ አራተኛው ላይ ያልዘለለው ሰው ነው?»

«እሱ ነው።»

«እውነተኛ ሰው ነበር።»

«ያኔ ቢነግሩት ደግ ነበር» አልሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ይህን ባልጽፍ ደስ ባለኝ።

አረንጓዴ ሻሹ እናት ወደ እሳቸው ጠጋ ብለው፣ «ምርቃቱስ? ልትመልሰው ነው?» አሏቸው።

«በወጥ የተወሰደ ምርቃት በኦሪትም አለ» አሉ ሽማግሌው። «አባትየው አወቀ፤ ግን አልመለሰም። እኔም አልመልስም። የናቃትም ይፈር ብያለሁ፤ እሱም ይቆጠርብኝ።» ብርቱካኑን በግማሽ እንደተላጠ አስቀመጡት። «እኔ ግን እንዳደግሁ ነኝ።»

ተነሡ፤ ወደ ባሕሩ ሄዱ። ከገበታው እስከ ውሃው ስልሳ አራት እርምጃ ነው፤ በኋላ ለክቼዋለሁ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ካልሲያቸውን በጫማው ውስጥ አጥፈው ከተቱ፣ በሹራባቸው ገቡ። ትልልቆቹ ሁሉ ምን እንደሚያደርጉ ገብቷቸዋል። በአገር ቤት ከሌላ ወገን ጋር የተነካካ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይነከር ወደ መንደሩ አይገባም ነበር። እኔ ይህን የማውቀው በወሬ ነው። በዓይኔ ሳየው፣ ከሰውነታቸው የሚያጥቡት የእናቴ እጅ ነበር። ውሃው ደረታቸው ደረሰ። ጭንቅላታቸውን ነከሩ። ማዕበል መጥቶ አንገዳገዳቸው። ሾፌሩ ከነጫማው ሮጦ ገብቶ በብብታቸው ያዛቸው።

አረንጓዴ ሻሹ እናት ዙሪያውን አዩ፤ ፎጣ የለም። ከገበታው ላይ ነጩን ጨርቅ ጎትተው፣ ልጣጩን አራግፈው ሮጡ። ከውሃው ሲወጡ ጠቀለሏቸው። ሽማግሌው በእናቴ ጨርቅ ተጠቅልለው አውቶቡስ ገቡ። ጨርቁ አልተመለሰም።

ማታ ዕቃውን ቤት ስመልስ እናቴ ቆጠረች። ቆጠራን ከእርሷ ነው የወረስሁት። ድስት፣ ጭልፋ፣ ማስታጠቢያ።

«ጨርቄስ?»

እንግዲህ መንገር ነበረብኝ። ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኋት። ምርቃቱን ስደግምላት አሜን አላለችም።

«እሳቸው የናቁኝ ፊት ለፊቴ ነው» አለች። «አንተ ከጀርባቸው አበላሃቸው። አባትህ አልዘለለም። አንተ ዘለልህ።» ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

እህቴ ከጭማቂ ፋብሪካው ከፈረቃ ስትመለስ በኮሪደሩ ተቀምጬ አገኘችኝ። ለእርሷም ነገርኋት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ረጠበ?»

«እስከ አናታቸው።»

«ይበለው» አለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለችና ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ ከሰማሁ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ስለ እናቴ ቃል ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ድስቱን ታጥባለች። ሳትዞር፣ «ጨመሩ?» አለች።

«ሁለት ጊዜ።»

«ፈረሰኛውንስ?»

«አጥንቱን ጠርገውታል።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ድስቱን አደረቀችው፤ በፌስታል ግን አልጠቀለለችውም፤ ከቁም ሣጥኑ ላይም አልሰቀለችውም። በሁለተኛው ሳምንት ወሬው ከደቡብ ተመልሶ ኦልጋ ገባ፤ «ያ ሰው ቤት የማይበላው ሽማግሌ በልቶ፣ ሁለቴ አስጨምሮ፣ ቆሞ መረቀ» ይላል። የባሕሩን ነገር አንዳንዱ ይጨምራል፣ አንዳንዱ ይተዋል። በጥር ለሚደረግ አንድ ሰርግ ተደውሎላት እሺ አለች። በዚያ ስልክ ላይ ድምፅዋን ለመስማት ያደረግሁትን ሁሉ አሁንም ደግሜ አደርገው ነበር። የእናቴ ቃል እውነት መሆኑን አውቃለሁ። ሁለቱንም ጽፌያቸዋለሁ፣ በየራሳቸው ገጽ።

የጎደለኝ አንድ ነገር ነው። ጨርቁን ሲጠቀልሉባቸው አረንጓዴ ሻሹ እናት፣ በትግርኛ መሰለኝ፣ አንድ ነገር አሏቸው፤ ሽማግሌውም አጭር መልስ መለሱ። በአጠገባቸው የቆሙት ሰዎች ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ከኋላ ሆኜ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። እኔ ስልሳ አራት እርምጃ ርቄ ነበር፤ ማዕበሉም ይጮኻል። ሾፌሩን ጠይቄዋለሁ፤ እንኳን ትግርኛ አማርኛም አይሰማም። እናንተ የአውቶቡሱ ሰዎች ግን በቅርብ ነበራችሁ። ምን አሉ? ጨርቁ የማን እንደሆነ እያወቁ ነው የተጠቀለሉት? አውቶቡስ ውስጥ አጥፈው ያዙት ወይስ ጣሉት? ከእናንተ መካከል ከአራተኛው ሰው አጠገብ የተቀመጠ፣ ያየውን ይንገረኝ፤ እኔን የማያስደስት ቢሆንም ሳይዘል ይንገረኝ። በደብተሬ ላይ አራት መስመር ባዶ ትቻለሁ።